ጉልበቱ ተቀየረ፤ ፍርሃቱስ?

የጉልበት መገጣጠሚያን በሰው ሠራሽ መተካት ውጤታቸው ከሚታመንባቸው የአጥንት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ያለቀው የመገጣጠሚያ ገጽ ይቆረጣል፤ በጭን አጥንት ጫፍና በቅልጥም አጥንት አናት ላይ ብረት ይገጠማል፤ በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ላንሴት» መጽሔት ላይ የወጣ፣ የብዙ ዓመታት መዝገቦችን ያሰባሰበ ጥናት እንደሚለው ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ ከ25 ዓመት በኋላም ያገለግላሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህም ሆኖ ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ገደማ በውጤቱ አይረካም። በካናዳ ኦንታሪዮ 1703 ጉልበቶች የተካተቱበትና በ2010 የታተመው የቦርንና የባልደረቦቹ ጥናት ያልረኩትን 19 በመቶ አድርጎ ቆጥሯቸዋል፤ ከቀዶ ሕክምናው የጠበቁት ያልተሟላላቸው ሰዎች የቅሬታ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ10 እጥፍ በላይ ነበር። ከነዚህ ቅር ከተሰኙት መካከል አንዳንዶቹ ኢንፌክሽን የያዛቸው ወይም ብረቱ የላላባቸው ናቸው። ሌሎቹ ግን ራጅ ቢነሱም፣ ደም ቢመረመሩም ጉድለት አይገኝባቸውም። መገጣጠሚያው ደህና ነው፤ ባለቤቱ ግን አያጥፈውም፣ አይጫነውም፣ አያምነውም። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው እነዚህን ሰዎች ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ታካሚን ማስተማር ይህን ፍርሃት ይፈውሳል ወይ? መልሴ «አዎን፣ ግን ዛሬ በአብዛኛው በምንሰጠው መልኩ አይደለም» የሚል ነው። በጆሮ ብቻ የገባ ትምህርት ፍርሃትን ብዙም አይነካም፤ ታካሚው የተነገረውን እዚያው በገዛ ጉልበቱ ሲሞክረው ግን ነገሩ ይለወጣል።

በመጀመሪያ ፍርሃቱን እንለየው። እዚህ የምንለው የእንቅስቃሴ ፍርሃት ተራ ሥጋት አይደለም። «ብንቀሳቀስ እጎዳለሁ፣ የተሠራልኝም ይበላሻል» የሚል ሥር የሰደደ እምነት ነው። መለኪያውም አለው፤ በአሜሪካዋ ታምፓ ከተማ ስም የሚጠራው መጠይቅ 17 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ሲሆን ነጥቡ ከ17 እስከ 68 ይደርሳል፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ከ37 በላይ ያገኘውን ሰው ከፍተኛ ፍርሃት ያለው ይሉታል። በቻይና ዠንግዡ ከተማ ጉልበታቸው በተቀየረ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሩብ የሚሆኑት ከዚህ መስመር በላይ መሆናቸውን አሳይቷል። የፍርሃቱን ዑደት በ2000 ቭላየንና ሊንተን የተባሉ ሁለት ሳይኮሎጂስቶች በጀርባ ሕመምተኞች ላይ በሰፊው ገልጸውታል፦ ሕመም አደጋ ነው ተብሎ ይተረጎማል፤ ሰውዬው እንቅስቃሴውን ይተዋል፤ የተተወው አካል ይደክማል፣ ይደርቃል፤ የደከመው አካል ሲነካ ይበልጥ ያማል፤ ያ ሕመም ደግሞ የመጀመሪያውን ፍርሃት «ልክ ነበርኩ» ያሰኘዋል። ጀርባ ላይ ይህ ዑደት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። የተቀየረ ጉልበት ግን ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ሚዝነርና ባልደረቦቹ በ2005 እንደለኩት የጭን የፊት ጡንቻ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአንድ ወር ውስጥ 62 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። በቁስሉ ዙሪያ የሚበቅለው ጠባሳም በዚያው ሰሞን ይጠነክራል። ደረጃ ለመውጣት ጉልበት 83 ዲግሪ ያህል፣ ከወንበር ለመነሳት 93 ዲግሪ ያህል መታጠፍ እንዳለበት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፍርሃት እግሩን ዘርግቶ የተኛ ሰው እነዚህን ዲግሪዎች በኋላ በብዙ ሥቃይ ነው የሚያስመልሳቸው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አያገኛቸውም።

ፍርሃቱ ከየት ይመጣል? ከሕመሙ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ማስረጃው ግን ጣቱን ወደ እኛ ወደ ተናጋሪዎቹም ይቀስራል። በአውስትራሊያ ሜልቦርን ጉልበታቸው እንዲቀየር ወረፋ የሚጠብቁ 27 ሰዎችን ያነጋገረ ጥናት በ2019 ታትሟል። ተጠያቂዎቹ ስለ ጉልበታቸው የነበራቸው ሥዕል ተመሳሳይ ነበር፦ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የቀረው ያልቃል፤ ስፖርት ያባብሰዋል፤ ከቀዶ ሕክምና በቀር መፍትሔ የለም። ይህን ሥዕል በራሳቸው ብቻ የፈጠሩት አይደለም፤ የጤና ባለሙያዎችም እጅ አለበት። ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ «ተመልከቺ እናቴ፣ ጉልበትሽ እኮ አልቋል» የሚል ሐኪም ምናልባት የቀዶ ሕክምናውን አስፈላጊነት በአጭሩ ማስረዳቱ ነው። ታካሚዋ ግን የምትሰማው «ስትራመጂ ራስሽን እየፈጨሽ ነው» የሚል ፍርድ ነው። መገጣጠሚያው ከተቀየረ በኋላ ይህ ፍርድ በራሱ አይሻርም። ለዓመታት ጉልበቷን ከእርምጃ ስትጠብቅ የኖረች ሴት በማግስቱ «ተነሺና ርገጪው» ስትባል፣ ያውም ቁስሉ እያቃጠላት፣ ለምን ታምናለች? ስለዚህ ፍርሃትን የሚያክም ትምህርት የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሚሰጠው ገለጻም ቀድሞ፣ ምርመራው ከሚነገርበት የመጀመሪያ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ።

ትምህርት ኃይል እንዳለው ካሳዩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ስድሳ ዓመት አልፎታል። በ1964 ሎረንስ ኤግበርት የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በቦስተን ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን 97 ሰዎች በሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን የተለመደውን ጉብኝት ብቻ አገኘ። ለሁለተኛው ሐኪሙ የት እንደሚያማቸው፣ ምን ያህል እንደሚያማቸው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አስቀድሞ ነገራቸው፤ ሕመሙ የሚጠበቅ መሆኑንና የሚብሰው ጡንቻዎቻቸው ሲወጠሩ መሆኑን አስረዳቸው፤ እንዴት እየተነፈሱ እንደሚያላሉት፣ ሆዳቸውን ሳይወጥሩ እንዴት እንደሚገላበጡ አሠራቸው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም እየተመላለሰ አያቸው። እነዚህኞቹ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ሆነ። ማን በየትኛው ወገን እንዳለ የማያውቁት ቀዶ ሐኪሞችም ወደ ቤት የላኳቸው በአማካይ 2.7 ቀን ቀድመው ነው። ብዙዎች ይህን ጥናት ሲጠቅሱ «መረጃ መስጠት ሕመምን ይቀንሳል» ብለው ያልፋሉ። ኤግበርት የሰጠው ግን መረጃ ብቻ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ሕመም አንድ የሚሠራ ነገር ሰጥቷል፤ በሚሠሩበት ሰዓትም አጠገባቸው ተገኝቷል።

ይህን ልዩነት ከያዝን፣ ከዚያ ወዲህ የመጣው ተስፋ አስቆራጭ ማስረጃ ራሱ ትርጉም ያገኛል። የሕክምና ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት በ2014 ያደሰው ግምገማ ከዳሌና ከጉልበት ቅየራ በፊት የሚሰጥ ትምህርትን የፈተሹ 18 ጥናቶችን፣ በድምሩ 1463 ታካሚዎችን መርምሯል። ድምዳሜው ቀዝቃዛ ነው፦ በተለመደው እንክብካቤ ላይ ትምህርት መጨመር በሕመም፣ በእንቅስቃሴ ብቃትም ሆነ በጭንቀት ላይ ይህ ነው የሚባል ተጨማሪ ጥቅም ላያመጣ ይችላል። «ታዲያ ለምን እንደክማለን?» የሚል ቢኖር ተቃውሞው ሚዛን ይደፋል፤ በቀላሉም መታለፍ የለበትም። ሆኖም ከ18ቱ ጥናቶች ስለ ጉልበት ብቻ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ዳሌንና ጉልበትን ቀላቅለዋል፤ 13ቱ ስለ ዳሌ ናቸው። ዳሌ ደግሞ ታካሚው እየታመመ ዲግሪ በዲግሪ ማጠፍን መልመድ ያለበት መገጣጠሚያ አይደለም። ሌላው ነገር፣ ከሐኪም የሚሰማ መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶው ወዲያው እንደሚረሳ ኬሰልስ የተባለ ተመራማሪ በ2003 ጠቅሷል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ሳምንት፣ በተጨነቀ አእምሮ፣ አዳራሽ ውስጥ የሚሰማ ገለጻ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ግምገማው የሚያሳየው እንዲህ ያለው ትምህርት አቅመ ቢስ መሆኑን ነው። ታካሚው እየሠራ ስለሚማረው ትምህርት ግን ያን ያህል የሚነግረን የለም።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ አለ። «እሺ፣ ገለጻው ይቅር፤ በባለሙያ የሚሰጥ ሥነ ልቦናዊ ሥልጠናስ?» ዳንኤል ሪድልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አምስት የሕክምና ማዕከላት 402 ታካሚዎችን ይዘው ይህን ፈትሸዋል። ሁሉም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሕመማቸውን አጋንነው የማየት ዝንባሌ የታየባቸው ነበሩ። አንዱ ቡድን ሕመምን የመቋቋም ሥልጠና፣ ሌላው ስለ መገጣጠሚያ በሽታ ትምህርት፣ ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኘ። በ2019 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከዓመት በኋላ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የሕመም ልዩነት አልነበረም፤ ሦስቱም በጥሩ ሁኔታ ተሻሽለዋል። ሕመምን የማጋነን ዝንባሌውም በሦስቱም ወርዷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት መራራ ቢሆንም እውነት ነው፦ ለብዙ ሰው ፍርሃቱ የሕመሙ ጥላ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ሕመሙን ሲያነሳ ፍርሃቱም አብሮ ይነሳል። ሁሉንም ታካሚ ወደ ሥነ ልቦና ሥልጠና መስደድ የባለሙያንም የታካሚንም ጊዜ ማባከን ነው። ግን ጥናቱ የለካው ሕመምንና ስለ ሕመም ማሰብን ነው፤ አንድን የተወሰነ እንቅስቃሴ መፍራትን አይደለም። ሥልጠናውም የተጀመረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ አዲሱ ጉልበት ገና ሳይኖር ነበር። «ይህን ባደርግ ይሰበርብኛል» የሚለው ፍርሃት የሚፈተነው ብረቱ ከገባ በኋላ፣ ያንኑ በማድረግ ነው።

ለዚህ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ጠርቶ የሚታየው የመንበርከክ ጉዳይ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢም ቅርቡ እሱ ነው። ፓልመርና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት 100 የተቀየሩ ጉልበቶችን ተመለከቱ። ባለቤቶቻቸው መንበርከክ እችላለሁ ያሉት በ32ቱ ብቻ ነበር። ከዚያ «እስቲ ሞክሩት» ተባሉ፤ በ64ቱ ተንበረከኩ። ከቀሩት መካከል እንኳ በ12ቱ የተሳናቸው ከጉልበቱ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት መንበርከክን የተዉት ጉዳት ይመጣል ወይ የሚለውን ስላላወቁ ወይም ሐኪም፣ ነርስ፣ ወዳጅ «ተወው» ስላላቸው ነው። አካሉ ይችል ነበር፤ ከልካዩ ወሬ ነበር። ጄንኪንስና ባርከር የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ቀጣዩን እርምጃ ወሰዱ። ጉልበታቸው በከፊል የተቀየረላቸውን 60 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ለአንደኛው ወገን ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ሳምንት በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ ስለ መንበርከክ መከረ፣ አሠራም። በ2008 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ከዓመት በኋላ እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ በግልጽ የተሻለ ይንበረከኩ ነበር። የጠባሳው ቦታ፣ የቆዳው መደንዘዝ፣ የመታጠፉ መጠን ልዩነቱን አላብራራም፤ ያብራራው መማራቸውና አለመማራቸው ነው። ጥናቱ ትንሽ መሆኑ፣ በከፊል ቅየራ ላይ መደረጉም አይካድም። ቢሆንም ከሰፊ አዳራሽ ገለጻ ይልቅ ስለ አንድ እንቅስቃሴ የተሰጠ አንድ ትምህርት ዓመት ሙሉ ሲሠራ የሚያሳይ በመሆኑ ከብዙዎቹ ይልቅ እሱን አምነዋለሁ።

ያ ትምህርት ሲሰጥ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ወፍራም ብርድ ልብስ ታጥፎ ወለሉ ላይ ይነጠፋል። ታካሚዋ ፊቷን ወደ ጠንካራ ወንበር አዙራ ሁለት እጇን መቀመጫው ላይ ታሳርፋለች፤ የተቀየረውን ጉልበት ቀስ ብላ ታወርዳለች። ባለሙያው ከመውረዷ በፊት ይነግራታል፦ «ከጠባሳው ውጭ በኩል ቆዳው የሰው ቆዳ ይመስልሻል፤ ቀዶ ሕክምናው ትንሽ የቆዳ ነርቭ ስለሚነካ ነው። ከፊት ይወጥርሻል። ቋ የሚል ድምፅ ልትሰሚ ትችያለሽ፤ ብረቱና ፕላስቲኩ ሲገናኙ ነው።» ትወርዳለች፤ ድንዛዜው ይመጣል፤ ውጥረቱ ይመጣል፤ ድምፁም ይሰማል። የተነገራት ሁሉ በተነገራት መልክ ሲደርስ ፍርሃት መሠረቱን ያጣል፤ ምክንያቱም ፍርሃት የሚኖረው ስሜቱ ምን ማለት እንደሆነ ካለማወቅ ነው። ከዚያ ደህናውን እግር አስቀድማ፣ ወንበሩን ተደግፋ ትነሳለች። ቀጥላም ሌላ ዙር ትሞክራለች። ለኦርቶዶክስ ምእመን ይህ በስቅለት ዕለት የሚሰገደውን ስግደት፣ ለሙስሊሙ የየዕለቱን ሱጁድ የሚመለከት ነው። ሕመምተኛ እንደ አቅሙ እንዲያመልክ ሁለቱም ሃይማኖቶች ይፈቅዳሉ፤ ግን የሚችለውን ሰው «አትችልም» ብሎ ዕድሜ ልኩን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ቀዶ ሐኪሙ በተለየ ምክንያት የከለከላቸው ሰዎች ይኖራሉ፤ ለነሱ ክልከላው ከነምክንያቱ ይነገራቸው። ለሌሎቹ «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚነገር ጅምላ ክልከላ ጥንቃቄ ሊባል አይገባም።

ከመንበርከክ ውጭም ተመሳሳይ አቅጣጫ የሚያሳይ ሥራ አለ። በጣሊያን ማርኮ ሞንቲኮኔና ባልደረቦቹ 110 ታካሚዎችን ይዘው በ2013 ያሳተሙት ጥናት አንዱን ወገን «ንቁ ሁኑ» በሚል ምክር ወደ ቤት ላከ፤ ለሌላው ፍርሃቱን እንዴት እንደሚይዘው የሚያስረዳ መጽሐፍና ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ ልምምዶች ሰጥቶ ለስድስት ወር እንዲሠራ አደረገ። ሁለተኛው ወገን በፍርሃትም፣ በእንቅስቃሴ ብቃትም፣ በኑሮ ጥራትም በለጠ። አንድ ጥናት ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም። የምሥራቹ ግን ከኤግበርትና ከጄንኪንስ ጋር መገጣጠሙ ነው፦ ሦስቱም ቃሉን ከሥራው ጋር አስረዋል።

«ፍርሃት ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ታካሚን ድፍረት ብታስተምረው ይወድቃል» የሚል ተቃውሞ ከጥሩ ነርሶች ዘንድ ይመጣል፤ ልክም ናቸው። የባት እብጠትና ሕመም የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ለደቂቃም የሚታለፍ አይደለም። ከቁስሉ ፈሳሽ ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሲሻለው የነበረ ሕመም ዞሮ ከባሰ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። እነዚህን መፍራት ያድናል። ጥሩ ትምህርት ታዲያ የሚፈራውንና የማይፈራውን ለይቶ ይሰጣል። ማታ ማታ የሚጨምር እብጠት፣ ለወራት የሚቆይ ሙቀት፣ ከልምምድ በኋላ መጥቶ በማግስቱ የሚበርድ ሕመም የሚጠበቁ ናቸው። ታካሚው ይህን ዝርዝር ካልያዘ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፦ ሁሉን መፍራት ወይም ሁሉን መናቅ። «አይዞህ፣ ምንም አይሆንም» የሚለው የተለመደው ማጽናኛችን ሁለቱን ስለማይለይ፣ በደግ ልብ ቢባልም፣ አይበቃም። መታጠፍንም በተመለከተ ሐቁ ይነገር፤ አብዛኛው የተቀየረ ጉልበት ቁጢጥ የሚያስብለውን ያህል አይታጠፍም፤ ስለዚህ ቤቱ የቁጢጥ መጸዳጃ ብቻ ያለው ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለ መቀመጫው ማሰብ አለበት። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ቤቱ ሲደርስ ጉልበቱ የተበላሸ ይመስለዋል።

ባለሙያዎች ለታካሚው ይናገራሉ፤ በእኛ ዘንድ ግን ውሳኔውን ብዙ ጊዜ የምትሰጠው አስታማሚዋ ናት። አልጋው አጠገብ የምታድረው፣ ውኃ የምታቀብለው፣ ሊነሳ ሲል «ኧረ ተወው አባዬ፣ እኔ አመጣልሃለሁ» የምትለው እሷ ናት። ፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን ጡንቻው በሚሟሽሽበት ወር እግሩን ዘርግቶ መዋል ነው። ጠያቂውም ይጨምርበታል። ስለዚህ ስለ መቆምና ስለ ማጠፍ ትምህርት ሲሰጥ አስታማሚዋ ከክፍሉ መውጣት የለባትም፤ ሥራ ይሰጣት፦ ወንበሩን አጥብቃ ትያዝ፣ ቀኑን ትቁጠር፣ ሲፈራ ከመከልከል ይልቅ አብራው ትራመድ። በውጭ ሀገር ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ መሰናክል አለ። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሆኖም ብዙ እናቶች በልጃቸው አፍ ነው የሚሰሙት። ልጅ ደግሞ እናቱን እንዳያስፈራ የሕመሙን ዝርዝር ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ያው ዝርዝር ነው ኤግበርት በ1964 ለታካሚዎቹ በጥንቃቄ የነገራቸው።

የቀረው ተቃውሞ የገንዘብና የሰው ኃይል ነው፦ ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት ይህ ሁሉ ቅንጦት አይሆንም? እኔ የሚታየኝ ግልባጩ ነው። የአንድ ሰው መገጣጠሚያ በውድ ዋጋ ተገዝቶ ገብቶ በፍርሃት ሲደርቅ ወጪው ሁሉ ከነተስፋው ይባክናል፤ ባለሙያ ባነሰበት ሀገር ደግሞ የሚደርቀውን ጉልበት እንደገና የሚያፍታታም የለም። ለሁሉም ታካሚ ሥልጠና እንደማያስፈልግ ከሪድል ጥናት ተምረናል፤ ስለዚህ ጥቂቱን ሰዓት ለሚፈሩት ማድረግ ይቻላል። እነሱን ለመለየት 17 ጥያቄ ያለው መጠይቅ የግድ አይደለም። በስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ሐኪሙ ቁስሉንና ራጁን ካየ በኋላ «ከዚህ በፊት ታደርገው የነበረና አሁን የተውከው ምን አለ? ለምን ተውከው?» ብሎ ይጠይቅ። ታካሚው «ያመኛል» ካለ የሚመረመር ነገር አለ። «እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው» ካለ ግን የምርመራ ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይበቃል፤ ቀጠሮው ሳያበቃ እዚያው ይሞከራል።